«ለበጎ ነው» ከማለታችን በፊት

ዛሬ ስለ አንድ ጎማ እናወራለን። አዎ፣ ስለ ጎማ! (ከጀመርን አይቀር፣ «እኛ» የምንለው እንደ ንጉሥ ራሳችንን አግዝፈን አይደለም። የምናወራው ስለ ስህተት ስለሆነ ብቻችንን መቆሙን ፈርተን ነው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰኔ 2008 ዓ.ም.፣ ዘጠነኛ ክፍልን ጨርሰን ከነቀምቴ ወደ አንገር ጉቲን እየተመለስን ነው። ነቀምቴ ወይና ደጋ ናት። አንገር ጉቲን ደግሞ ከታች፣ በአንገር ወንዝ ሸለቆ ያለች ቆላ ናት። ስለዚህ በዚያ መንገድ ሰው የሚወርደው ሹራቡን እያወለቀ ነው። የተሳፈርንባት ቅጥቅጥ ለሦስት በተሠራ ወንበር ላይ አምስት ሰው ጭናለች። ከእግራችን ስር ሁለት ዶሮ፣ ከጭናችን ላይ የሰው ልጅ፣ ከጆሯችን አጠገብ ደግሞ የማይዘጋ ሬዲዮ አለ። በዚህ ሁሉ መሀል «ዷ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ጎማ ፈነዳ።

ሾፌሩ ጎበዝ ነበር፤ መኪናዋን ቀስ አድርጎ ዳር አስያዛት። ሁላችንም ደህና ነን። ረዳቱ ዘሎ ወረደና ክሪኩን አወጣ፣ ብሎኑን ፈታ፣ ከዚያ በኋላ ስኮርታውን አወረደ። ስኮርታው መሬት ሲነካ «ፍስስ» አለ። እሱም ተንፍሷል!

እንግዲህ የሐበሻ ተሳፋሪ እንዲህ ሲገጥመው የሚለውን ታውቃላችሁ። አንዱ «ለበጎ ነው!» አለ። ሌላው «ማን ያውቃል፣ ከፊታችን የባሰ ነገር ነበረ ይሆናል» ብሎ ደገፈው። ሦስተኛው «በምክንያት ነው ጎበዝ፣ ተመስገን ነው!» አለና ጫቱን ፈታ። እኛም ተስማማን። ምን እናድርግ? የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ከትልቅ ሰው ጋር ክርክር አይገጥም።

ከመሀላችን አንድ ጉፍታ የለበሱ እናት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ረዳቱን ጠሩትና «አንተ ልጅ» አሉት፣ «ይሄ ስኮርታ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው መቼ ነው?»

ዝም። ረዳቱ ሾፌሩን አየ። ሾፌሩ ሰማዩን አየ።

«እማማ፣ ይተዉት እስቲ፣ ለበጎ ነው» አለ አንዱ።

«በጎ ከሆነማ ነገም ሳታየው ና!» አሉት ለረዳቱ።

ተሳፋሪው በሙሉ ሳቀ። ረዳቱ ግን አልሳቀም። እማማ ከዘንቢላቸው ዳቦ አውጥተው ቆረሱና ግማሹን ሰጡት። «አብሽር ልጄ» አሉት። «ይነሳል ይሄ። ብቻ ሁለተኛ እንዳይጥልህ።»

አራት ሰዓት ያህል ቆመን ዋልን። የዛሬውን ጽሑፍ ያጻፈን ያ ጥያቄና ያ ግማሽ ዳቦ ነው።

እስቲ ነገሩን እናፍታታው። «ለበጎ ነው» የእምነት ቃል ነው፤ እምነቱን አንነካም። ከክፉ ነገር ውስጥ ፈጣሪ ደግ ሊያወጣ ይችላል ብሎ ማመን አያት ቅድመ አያቶቻችንን በረሃብም በጦርነትም መሀል ያቆመ ምርኩዝ ነው። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ቃሉን መቼ ነው የምናወጣው? ነገሩን መርምረን፣ አልቅሰን፣ ከጨረስን በኋላ ነው ወይስ ገና ጎማው ሳይቀዘቅዝ? ወዳጆች፣ በእኛ ሰፈር አብዛኛውን ጊዜ ጎማው ሳይቀዘቅዝ ነው። ያኔ ደግሞ ቃሉ ምርኩዝ መሆኑ ይቀርና ክዳን ይሆናል። ጥያቄው ላይ ይከደናል፤ ትምህርቱም አብሮ ታፍኖ ይቀራል።

እማማ ይሄን የት ተማሩት? በዚያች ረጅም ቀን አጫወቱን። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው። በዚያ ዘመን ደርግ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከድርቅ አገር አንስቶ ወደ ምዕራቡና ደቡብ ምዕራቡ የአገራችን ክፍል አስፍሯል፤ የአንገር ሸለቆም አንዱ የሰፈራ ቦታ ነበር። ደርግ ከወደቀ በኋላ ቤተሰቡ እንደምንም አጠራቅሞ የራሱን በሬ ገዛ። ሞተ። «ለበጎ ነው አልን» አሉ እማማ። ሌላ ተገዛ። እሱም ከሳ፣ ፀጉሩ ቆመ፣ ሞተ። «አሁንም ለበጎ ነው አልን።» ሦስተኛው ሲሞት አንድ የአገሩ ተወላጅ ኦሮሞ ጎረቤታቸው ለቅሶ ሊደርስ መጣ። (ገበሬ ቤት በሬ ሲሞት ለቅሶ ነው፣ አትሳቁ።) አጽናናቸውና አንድ ነገር ጠየቀ፤ «በሬዎቹን የት ነው የምታሰማሩት?»

ወንዝ ዳር፣ ጥላው ስር ነበር የሚያሰማሩት። ሳሩ እዚያ ይለመልማላ! ግን ያ ጥላ የገንዲ ዝንብ ቤት ነው። የአንገርና የዴዴሳ ሸለቆ ሰው ያውቃታል፤ ከብቱን ስትነክስ በደሙ ውስጥ በሽታ ትተውለታለች፣ ከብቱም እየመነመነ ይሄዳል። ከወሎ ደጋ የመጣ ሰው ይሄን ከየት ያውቃል? ጎረቤትየው መሰማሪያውን አሳያቸው፣ መርፌ የሚወጋ ሰውም ጠቆማቸው። ከዚያ ወዲያ በሬ አልሞተም አላሉንም። «ያነሰ ሞተ» ነው ያሉት። እኛ ይሄን ቃል በጣም ወደድነው። ያነሰ ሞተ! የእውነት ትምህርት ይሄን ያህል ነው የሚሰጠው፤ ተአምር አይሰጥም።

አሁን ደግሞ ወደ ከተማችን እንምጣ። ከነቀምቴ እስከ አዲስ አበባ አስፋልት ላይ የሚዘረጉትን መጻሕፍት አይታችኋል፤ ግማሾቹ «ቀና አስብ፣ ይሳካልሃል» ባይ ናቸው። የእነዚህ መጻሕፍት አያት የሚባለው የአሜሪካዊው ፓስተር የኖርማን ቪንሰንት ፒል መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1952 ነው የወጣው። ቀና ማሰብን እኛም አንጠላም፤ ፊቱ የበራ ሰው አጠገብ መቀመጥ ማን ይጠላል? ግን ጋብርኤለ ኧቲንገን የምትባል ጀርመናዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረባዋ ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ1991 ያሳተመችው ጥናት አለ። ክብደት ለመቀነስ የተመዘገቡ ሴቶችን ነው ያጠኑት። «ጥረቴ ይሳካል» ብለው የጠበቁት ሴቶች የበለጠ ቀነሱ። ቀጭን ሆነው ራሳቸውን በምናባቸው እያዩ በደስታ የዋኙት ግን ያነሰ ቀነሱ። ተስፋና የቀን ሕልም አንድ አይደሉም ማለት ነው። ተስፋ ያለው ሰው እንቅፋቱን ያየዋል፣ እንደሚያልፈውም ያምናል። የቀን ሕልመኛው እንቅፋቱን ከነጭራሹ አያይም፤ ከዚያ ጣቱን ይመታዋል።

«ይሄማ የፈረንጅ ወሬ ነው» የምትሉ አትጠፉም። እሺ፣ የነቀምቴን ሰው እንጥራ። ኦኔስሞስ ነሲብ።

ሲወለድ ሂካ ነበር ስሙ፤ በኦሮምኛ «ተርጓሚ» ማለት ነው። በ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ሁሩሙ አካባቢ ተወለደ፣ በልጅነቱ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ወደቀ፣ ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው ተሸጠ፣ እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ። በስዊድን ሚሲዮን ተማረ፣ ስዊድን አገር ድረስ ሄዶ አምስት ዓመት ሠለጠነ። እ.ኤ.አ. በ1881 ሲመለስ አንድ ነገር ብቻ ነው የፈለገው፤ ወለጋ መግባት። በሱዳን በኩል ሞከረ፣ አሶሳ አካባቢ ደርሶ ተመለሰ፤ ካርቱም ሲገባ የማህዲስቶች አመፅ ጠበቀው፣ በዚያ ላይ ንዳድ ያዘው። በ1886 (እ.ኤ.አ.) በሸዋ በኩል ሞከረ፣ እንጦጦ ደርሶ «ወደ ባሕር ተመለሱ» የሚል ትእዛዝ ተሰጠው። የመንገድ መዘጋትን እኛ የፈጠርነው ይመስለን ነበር!

ቀይ ባሕር ዳር፣ ምንኩሉ፣ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ያዘ። እዚህ ላይ ነው እኛን የሚገርመን ነገር የመጣው። በልጅነቱ ከወገኖቹ ተነጥሏልና የገዛ ቋንቋው አልበቃው አለ። ስሙ «ተርጓሚ» ለሆነ ሰው ከዚህ የባሰ ምን ውርደት አለ? «ለበጎ ነው» ብሎ ባለችው ቋንቋ ማዝገም ይችል ነበር። ግን ጎዶሎውን ጎዶሎ ብሎ ጠራው፤ እርዳታም ተቀበለ። ከረዱት ሁሉ የላቀችው አስቴር ጋኖ ናት። እሷም በባርነት ልትሸጥ በመርከብ ስትወሰድ እ.ኤ.አ. በ1886 ነፃ የወጣች ወጣት ናት። እንቆቅልሹን፣ ተረቱን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሩን፣ ዘፈኑን ከትውስታዋ እየቀዳች 500 ያህል ጻፈች። ከዚያ ስብስብ በ1894 (እ.ኤ.አ.) የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ታተመ፤ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 (እ.ኤ.አ.)። በ1904 (እ.ኤ.አ.) ሁለቱም ወለጋ ገቡ። ከመጀመሪያው ሙከራ 20 ዓመት አልፎ ማለት ነው! ኦኔስሞስ በ1931 (እ.ኤ.አ.) ያረፈው ነቀምቴ ነው።

ልብ በሉ፣ ባርነቱ «በጎ» ነበር አላልንም። ማንም እንዲህ ብሎ እንዳይነግራችሁ። ባርነት ክፉ ነበር፣ ክፉ ነው፣ ክፉ ይሆናል። በጎው ነገር እነሱ የሠሩት ሥራ ነው። ልዩነቱ እንደ ሰማይና ምድር ነው። ክፉውን ነገር ካመሰገንነው የሰዎቹን ድካም ነጥቀን ለባሪያ ፈንጋዩ ሰጠነው ማለት ነው።

ወደ ዘመናችን እንምጣ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ጥር 2015 ዓ.ም. ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 ከመቶ ብቻ ነበር። 900,000 ከሚጠጋ ተማሪ ወደ 30,000 የሚሆን ማለት ነው። ከ1,100 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ያን ሰሞን ታናናሾቻችን አልጋ ውስጥ ተሸፋፍነው ነው የሰነበቱት። ምን አልናቸው? «ለበጎ ነው!»

እስቲ አስቡት። ለአንድ ልጅ ጥያቄው «የትኛው ትምህርት ላይ ወደቅሁ? እንዴት ነበር የማጠናው?» ነው። እሱን ይጠይቅ፣ ይጠቅመዋል። ግን አንድም ተማሪ ያላለፈበት ትምህርት ቤት ውስጥ ያለ ልጅ ብቻውን ራሱን ሲወቅስ ቢያድር ትክክል ነው? ክፍሉ ሙሉ ሲወድቅ እኮ ጥያቄው የልጁ ብቻ አይደለም። መምህር ነበረ ወይ? መጽሐፍ ደርሷል ወይ? ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ምን ሲደረግ ነበር? «ለበጎ ነው» ሁለቱንም ጥያቄ እኩል ነው የሚዘጋው። ልጁም አይማርም፣ ትምህርት ቤቱም አይማርም፣ ሚኒስቴሩም አይማርም። ከውድቀት ተማር የሚለው ምክር ሁልጊዜ ወደ ታች፣ ወደ ትንሹ ሰው ብቻ ለምን ይወርዳል? ስኮርታውን ማየት የረዳቱ ሥራ ነው፤ አሮጌ ጎማ ገጥሞ መኪና የሚያሰማራው ባለንብረትስ?

የራሳችንንም እንናገር እንጂ፣ ሰውን ብቻ አንማ። ጋዜጠኝነት ተመርቀን የመጀመሪያውን ቃለ መጠይቅ ስንሠራ መቅረጫው ባትሪ ጨርሶ ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ ራሳችንን እየነቀነቅን የቀዳነው ዝምታ ነው! እንግዳውን ድጋሚ ለመጥራት አፈርን፣ ሥራውም ቀረ። «ለበጎ ነው፣ ሰውዬውም ያን ያህል አልነበረም» ተባባልን። (ሰውዬው ግሩም ነበር።) ከሁለት ሳምንት በኋላ ምን ሆነ? ባትሪ አለቀ። ስሙን የማንጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ለሥራ ፈትኖን ሲጥለን ደግሞ «በዘመድ ነው እንጂ» አልን። ምናልባት በዘመድ ይሆናል። ግን የዜናውን መግቢያ ስድስት መስመር አድርገን መጻፋችንም እውነት ነው።

ያን ጊዜ እማማ ትዝ አሉንና አንድ ደብተር ገዛን። «የስኮርታ ደብተር» እንላታለን። አንድ ነገር ሲሰበር ሦስት ነገር እንጽፋለን። አንደኛ፣ የሆነው ምንድነው? ያለ ማጋነን፣ ያለ ማሳመር። ሁለተኛ፣ ከዚህ ውስጥ የእኛ ድርሻ የቱ ነው፣ የሌላው ድርሻስ የቱ? ሦስተኛ፣ ነገ ጠዋት የምናደርገው አንድ ትንሽ ነገር ምንድነው? «ጎበዝ ጋዜጠኛ እንሆናለን» አይደለም የሚጻፈው። «ከመውጣታችን በፊት ባትሪ እናያለን» ነው። ደብተሯ ሕይወታችንን አልቀየረችም። ባትሪ ግን አልቆብን አያውቅም። ያነሰ ሞተ!

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንሂድ፤ ብንዘለው ውሸታሞች እንሆናለን።

በ2012 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ በገባንበት ዓመት፣ በብዙ የምዕራብ ኦሮሚያ አካባቢዎች ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወር ገደማ ተቋርጦ ነበር። እናታችን ጋ ስንደውል አንዲት ሴትዮ «የደወሉላቸው ደንበኛ…» ትለናለች። በየቀኑ እንደውላለን፣ በየቀኑ እሷ ናት የምታነሳው። ያን ጊዜ «ለበጎ ነው፣ ትኩረት አድርገሽ ታጠኛለሽ» ያለችን ጓደኛ ነበረች። ክፋት የላትም፤ ግን ለአንድ ሳምንት አላናገርናትም። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በምሥራቅ ወለጋ፣ ኪረሙንና ጊዳ አያናን ጨምሮ፣ በግጭት ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል፤ ኦሮሞውም አማራውም። በሬ ሲሞት ለቅሶ የሚደራረሱ ጎረቤታሞች ተለያዩ። ከዚህ ምን «የሕይወት ትምህርት» እናውጣ? ቤቱ ለተቃጠለበት ሰው ትምህርት ይዞ መሄድ ነውር ነው። ለእሱ ዳቦ ነው የሚወሰድለት። ትምህርቱን መማር ያለባቸው መሣሪያ የያዙትና ሥልጣን የያዙት ናቸው።

ታዲያ ለዚህ ሰው ምን እንበለው? ተስፋ የለም እንበለው?

አይደለም። አንገር ጉቲን ለዚህ የሚሆኑ ሦስት ቃላት አሏት። በአማርኛ «አይዞህ»፣ «አይዞሽ»። ወሎዬው ይዞት በመጣው አነጋገር «አብሽር»። በኦሮምኛ «ጀባዹ»፣ በርታ ማለት ነው። እኛ በአንድ ገበያ ውስጥ ሦስቱንም እየሰማን ነው ያደግነው። ከሦስቱ አንዱም «የደረሰብህ ነገር ጥሩ ነው» አይልም፤ አስተዋላችሁ? «ለበጎ ነው» ነገሩን ያብራራል። «አይዞህ» ግን አጠገብህ ይቀመጣል። «ለበጎ ነው» የሚል ሰው ተናግሮ መሄድ ይችላል። «አይዞህ» የሚል ሰው ግን ከንፈሩን ብቻ ካልመጠጠ በቀር ግማሽ ዳቦ ማውጣቱ አይቀርም።

ቀና አመለካከት የሚባለው ነገር ለእኛ ይሄ ነው። ክፉውን ክፉ ማለት፣ የሚጠየቀውን መጠየቅ፣ ከዚያ «ይነሳል ይሄ» ብሎ ክሪኩን መያዝ። በዚህ ቅደም ተከተል። «ለበጎ ነው» የሚለውንም አንጥለው፤ ግን መጨረሻ ላይ፣ ባለቤቱ ራሱ ሲለው ያምርበታል። ሃያ ዓመት መንገድ የተዘጋበት ሰው ነቀምቴ ገብቶ ቢለው ማን ይከለክለዋል? እኛ ግን ቀድመን አንበልለት።

የቅጥቅጧን ነገር ሳንጨርስ እንዳንለያይ። አራት ሰዓት ሲሞላ ከነቀምቴ የመጣ መኪና የተጠገነ ጎማ አምጥቶልን፣ አንገር ጉቲን ማታ ገባን። መስከረም ላይ ለአሥረኛ ክፍል ወደ ነቀምቴ ልንመለስ መናኸሪያ ስንደርስ ያችው ቅጥቅጥ፣ ያው ረዳት። ሰው ሁሉ ተሳፍሮ ሾፌሩ ሞተር አስነስቷል፤ ረዳቱ ግን አልገባም። ዱላ ይዞ መኪናዋን እየዞረ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ይመታል፤ «ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ ዱም»። በመጨረሻ ወደ ኋላ ሄዶ ስኮርታውን መታ።

«ዱም!»

በመስኮት አየነውና ሳቅን። እሱም አወቀን መሰለኝ፣ ሳቀ። ከዚያ በሩን ዘጋና «ሳበው!» አለ።

እናንተስ፣ ስኮርታችሁን መቼ ነው ያያችሁት? አይዟችሁ፣ አብሽሩ፣ ጀባዻ! ቸር ያሰንብተን።